ዕዳዬን እየከፈልሁ በመገኘቴ ከቤት ላስወጡኝ ጓድ ሊቀ መንበር

ጎንደር፣ ሰኔ 30 ቀን 1976 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ለተከበሩ ጓድ ዓለምነው፣
የቀበሌያችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የቤት ድልድል ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የኅብረት ሱቁ የበላይ ተቆጣጣሪ፣ የፍርድ ሸንጎው ውሳኔ አስፈጻሚ፣ እንዲሁም እኔ ያላወቅሁት ሌላ ሥልጣን ካለ የዚያም ባለቤት፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው እሑድ በስብሰባው ላይ ስለ ድሀው ሕዝብ ኑሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲናገሩ ድምፅዎ ሻከር ብሎ ስለ ሰማሁ፣ ጉንፋን ጀምሮዎት ይሆን እያልሁ ስሰጋ ከርሜአለሁ። ክረምቱ በዚህ ዓመት ቀደም ብሎ ገብቷል፤ ዝናቡም እንደሚያዩት የዋዛ አይደለም። እባክዎ ከብርድ ይጠንቀቁ፣ ሲመሽ መስኮትዎን ይዝጉ፣ የጣራዎንም ቆርቆሮ ያስፈትሹ። ቤት ያለው ሰው ቤቱን በጊዜ ማየት ይገባዋል።

እኔ ይርገዱ ሐብተ ማርያም እባላለሁ። ስሜን ማስታወስ ቢያስቸግርዎ፣ ይህ ደብዳቤ ከተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ፣ ከዚሁ በላይ፣ ከቤት እንዲወጡ የተወሰነባቸው ተከራዮች ዝርዝር ውስጥ ያገኙኛል። ዝርዝሩ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ስለ ሆንሁ ፍለጋው አያደክምዎትም። በሆስፒታሉ የልብስ እጥበት ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁ፣ ሰማንያ ሰባት ብር የወር ደመወዝ የማገኝ፣ በቀበሌው ቤት ውስጥ ስድስት ብር እየከፈልሁ በአንዲት ክፍልና በአንዲት ማድ ቤት የምኖር ሴት ነኝ። ከእኔም ጋር ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ፣ ወገባቸው ተይዞ ከአልጋ ከዋሉ ሁለት ዓመት የሆናቸው እማሆይ ወለተሩፋኤል ይኖራሉ። የእርስዎ ውሳኔ እንደሚለው ዛሬ ሰኔ 30 ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት፣ ሁለታችንም ቤቱን ባዶ አድርገን ቁልፉን ማስረከብ አለብን። የደብዳቤዬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው።

በአደባባይ የጻፍሁልዎ በድፍረት አይደለም። ከግንቦት ወር ወዲህ ሦስት ጊዜ ደብዳቤዬን በፖስታ አሽጌ ለቢሮዎ አስገብቻለሁ። የመጀመሪያው አልደረሰም ተባልሁ፤ ሁለተኛው ደርሶ ጠፋ ተባልሁ፤ ሦስተኛው ደግሞ ደርሷል ግን ጓድ ሊቀ መንበሩ በሥራ ብዛት ፖስታ የሚከፍቱበት ጊዜ የላቸውም ተባልሁ። ስለዚህ ድካምዎን ለማቃለል ያለ ፖስታ ለጥፌልዎታለሁ። ጎረቤቶቼም ሰሌዳው ሥር ቆማችሁ የምታነቡ፣ ለማያነበው ድምፃችሁን ከፍ አድርጉለት፤ እኔ ራሴ በመሠረተ ትምህርት ያስተማርኋችሁ ደግሞ ፊደላችሁን የምትፈትኑበት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ዋስትናው ነው።

በ1974 ዓ.ም. ለኅብረት ሱቃችን ገንዘብ ያዥ ሲያስፈልግ፣ እርስዎ ከዚህ ሁሉ ነዋሪ መካከል አማርጠው የአገርዎን ልጅ ምትኩን አመጡልን። ገንዘብ ያዥ ያለ ዋስ አይቀጠርም፤ ዋሱም የወር ደመወዝ ያለው ሰው መሆን አለበት። ደመወዝ ካላቸው ሰዎች አንዱ እርስዎ ራስዎ ነበሩ፤ ነገር ግን ሿሚው ለተሿሚው ዋስ ቢሆን አድልዎ ይመስላል ብለው ተጨነቁ። ለሕዝብ ሐሜት እንዲህ የሚጠነቀቅ ባለሥልጣን በየት ይገኛል? ስለዚህ ለምትኩ ምኑም ያልሆነች፣ ሱቁ ውስጥ ከስኳርና ከሳሙና በቀር ሌላ ጉዳይ የሌላት ሴት ፈለጉ፤ ዓይንዎም እኔ ላይ ዐረፈ።

ቢሮ ጠርተው ቢጠይቁኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። ወሩ በገባ በሃያ አንድ፣ የእመቤታችን ማኅበር ተራው ደርሶኝ እኔ ቤት ሲጠጣ፣ ባለቤትዎን ወይዘሮ ሸዋገነትን ላኩልኝ። እርስዎ ማኅበርና ድግስ የሠርቶ አደሩን ጊዜና ጉልበት የሚበላ ኋላ ቀር ልማድ መሆኑን በየስብሰባው ስላስተማሩን፣ ራስዎ ለመምጣት አልተመቸዎትም። ወይዘሮ ሸዋገነት ግን ጽዋው ሲዞር፣ ቄሱ ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በእመቤታችን ስም ለምትኩ ዋስ እንድሆን ለመኑኝ። በዚህ አገር በጽዋ ፊት፣ ያውም በስሟ፣ የተለመነ ሰው እምቢ አይልም። እምቢ ብዬ ያን ዕለት ማኅበርተኞቼን በምን ዓይኔ አያቸው ነበር? በማግሥቱ ቢሮዎ መጥቼ ፈረምሁ። እጄ ሲያመነታ አይተው ከደረት ኪስዎ ብዕርዎን አውጥተው አዋሱኝና እንዲህ አሉኝ፤ «አይዞሽ ይርገዱ፣ ለፎርማሊቲ ያህል ነው።»

በስብሰባ የሚያወግዙትን ልማድ ለሥራ ሲያስፈልግ በባለቤትዎ በኩል እንዴት እንደሚጠቀሙበት በማየቴ ብዙ ተምሬአለሁ፤ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ሸንጎው ውሳኔ ነው።

ጥቅምት 12 ቀን 1975 ዓ.ም. የኅብረት ሱቁ ሳይከፈት ዋለ። በሩ ተሰብሮ ሲገባ የገንዘቡ ሣጥን ባዶ ነበር፤ ምትኩም የለም። በመተማ አድርጎ ሱዳን ገብቷል ተብሎ በማግሥቱ በስብሰባ የተነገረን በእርስዎው አንደበት ነው፤ ከሀዲ፣ አድኃሪ፣ የሕዝብ ጠላት እያሉ ጠረጴዛውን ሲመቱት የውሃው ብርጭቆ ወድቆ እንደ ተሰበረ አስታውሳለሁ። የጎደለው ገንዘብ ሲቆጠር አራት መቶ ሰማንያ ብር ሆነ ተባለ። ትንሽ ቢበልጥ ኖሮ ጉዳዩ ከሸንጎው ሥልጣን በላይ ሆኖ ወደ አውራጃ ፍርድ ቤት ሄዶ ሌላ ሰው መዝገቡን ይመረምረው ነበር፤ እዚሁ እኛው ዘንድ መቅረቱ ሸጋ አጋጣሚ ነው። ቆጠራውን ያደረጉት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ ሁለቱን እርስዎ መረጧቸው፤ ሦስተኛው እርስዎ ነበሩ።

ሸንጎው ምትኩን ስላላገኘው እኔን አገኘኝ። ዋስ ለምን ይኖራል ታዲያ? ዕዳውን በወር አሥር አሥር ብር በአራት ዓመት ከፍዬ እንድጨርስ የስምምነት ውል ተጻፈ። የውሉም አራተኛ አንቀጽ ባለዕዳዋ ዕዳዋን ከፍላ እስክትጨርስ ድረስ ከቀበሌው ክልል ወጥታ ሌላ ቦታ ልትኖር አትችልም ይላል። እኔ ፈረምሁ፣ እርስዎ ፈረሙ፣ ማኅተሙም ተመታበት። ከዚያ ስወጣ በጃንተከል ዋርካ በኩል እያለቀስሁ እንደ ሄድሁ አልደብቅዎትም። ያልበላሁትን ገንዘብ፣ ያላየሁትን ገንዘብ፣ ከእጥበት ሳሙና እጄ እየተላጠ በማገኘው ደመወዝ አራት ዓመት ልከፍል ነው። ያን ዕለት ሰው ሁሉ አስጠልቶኝ ነበር፤ ከሰውም ሁሉ አብልጬ ራሴን ጠላሁ።

ግን ከፈልሁ። ደመወዝ በተቀበልሁ በማግሥቱ፣ አንድ ቀን ሳላሳልፍ፣ ሃያ ወር ከፈልሁ። ሃያ ደረሰኝ አለኝ። ሁለት መቶ ብር ከፍዬ ሁለት መቶ ሰማንያ ቀርቶኛል። የዘንድሮ ፋሲካ ቅቤ አልገዛሁም፤ ጫማዬን ሦስት ጊዜ አስጠግኛለሁ፤ ከዕዳው ግን አንድ ሳንቲም አላጓደልሁም። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ ቀጥሎ ለማቀርበው ምስጋና ስለሚያስፈልግ ነው።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ኪራይ ውሉ እድሳት ነው።

በግንቦት ወር የቀበሌ ቤት ተከራይ ሁሉ ውሉን እንዲያድስ አዘዙ። አዲሱ ቅጽ ላይ ተከራዩ ከቀበሌው ዕዳ ነፃ መሆኑ ይረጋገጥ የሚል አንድ መስመር አለ። እኔም ሞኝነቴን ይዤ፣ ዕዳዬን በሥርዓት እየከፈልሁ መሆኔን ያስረዳልኛል ብዬ፣ የስምምነት ውሉንና ደረሰኞቼን በቦርሳ አድርጌ ቀረብሁ። ሁሉንም አንድ በአንድ አነበቡ። መነጽርዎን አውልቀው ከጠረጉ በኋላ የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ይህ ውል እኮ ባለዕዳ መሆንሽን ነው የሚመሰክረው፤ ባለዕዳ ደግሞ ቤት አይከራይም።»

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ስሙን ከቶ የማልጠራው አንድ ጎረቤት አለኝ። የሦስት ዓመት ኪራይ አልከፈለም። ነገር ግን ከሶት የሚያውቅ ስለሌለ፣ ተፈርዶበትም የስምምነት ውል ፈርሞም ስለማያውቅ፣ በመዝገብ ላይ ከዕዳ ነፃ ነው፤ ውሉም ታድሶለታል። እሰየው፣ ቤቱ ይባረክለት፤ እርሱ ይነካ ብዬ አይደለም። እኔ የምደነቀው፣ በዚህ ቀበሌ ውስጥ ባለዕዳ ተብሎ የተመዘገበ አንድ ሰው ቢኖር የሚከፍለው ሰው ብቻ መሆኑን ነው። ከኮሚቴዎ አንዱ፣ ለእኔ አዝኖ፣ ወደ ደጅ አውጥቶ መክሮኛል። መክፈሉን ባትጀምሪው ኖሮ ዕዳው ሊሰበሰብ የማይችል ተብሎ ይዘጋ ነበር፤ አሁን ግን እየተሰበሰበ ስለሆነ አይዘጋም አለኝ። ምነው ቀደም ብሎ ቢነግረኝ! ሐቀኝነት ይህን ያህል ወንጀል መሆኑን ሳላውቅ አምሳ ሁለት ዓመት መኖሬ ያሳፍረኛል።

አራተኛው ምስጋናዬ ቤቱ ከእኔ በኋላ ስለተመደበላቸው ስለ ባለቤትዎ ታናሽ እኅት ነበር። ጽፌው ሳነብላቸው እማሆይ ሰውን በክፉ አታንሺ፣ ተዪው ስላሉኝ ሰርዤዋለሁ። ባለፈው ሐሙስ እኅታቸው መጥተው የመስኮቱን ስፋት ለመጋረጃ ሲለኩ፣ እማሆይ ከተኙበት አልጋ ማዶ ተንጠራርተው ስለ ነበር፣ ወገባቸውን እንዳላመማቸው ብቻ ተስፋ አደርጋለሁ።

አምስተኛው ምስጋናዬ ከሁሉ ይረዝማል፤ ቢቻል ተቀምጠው ያንብቡት።

ከቤት ውጪ ከተባልሁ በኋላ ሌላ ጣራ ፍለጋ ጀመርሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከፒያሳ ጀርባ ባለው ቤቷ በደባልነት ልትቀበለን ፈቅዳ ነበር፤ የእነርሱ ቀበሌ ግን ከቀድሞው ቀበሌሽ የመልቀቂያ ወረቀት፣ መሸኛ፣ አምጪ አለኝ። መሸኛ ለመጠየቅ ወደ እርስዎ መጣሁ፤ ባለዕዳ አይሸኝም፣ ውሉ አራተኛ አንቀጽ ይከለክላል አሉኝ። ታዲያ እዚሁ ልቆይ፣ ቤቱን ይተዉልኝ አልሁ፤ ባለዕዳ አይከራይም አሉኝ። ኮሶዬ በሚባለው ደጋ አገር ወንድሜ አለ፤ እርሱም የገበሬ ማኅበሩ ያለ መሸኛ ሰው እንዳያሳድር መታዘዙን ላከብኝ፤ ቢፈቅድም የዚያን አገር ውርጭ እማሆይ አይችሉትም። እንግዲህ ይታይዎት፤ ከቀበሌው እንዳልወጣ ፈርመዋል፣ በቀበሌው ውስጥ እንዳልኖርም ፈርመዋል፤ ሁለቱም ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ አንድ ነው። ሰው ከዚህም ሳይሆን ከዚያም ሳይሆን የሚኖርበት ቦታ ካለ ያመልክቱኝ ብዬ ብጠይቅዎ ሰዓትዎን አይተው ስብሰባ አለብኝ አሉ።

በዚህ ወር መጀመሪያ ላይ ማክሰኝት ከተማ ውስጥ ባዶ የቀበሌ ክፍል እንዳለ ሰማሁ። ከሥራ ቦታዬ የአንድ ቀን ይለፍ አጽፌ በአውቶቡስ ሄድሁ። እዚያ ያሉት ጸሐፊ፣ አያ ቢሻው የሚባሉ፣ ትሕትና የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። ክፍሉ መኖሩን ነገሩኝ፤ ነገር ግን መሸኛና ከዕዳ ነፃ መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት እንደሚያስፈልግ አስረዱኝ። ቀበሌዬ እንዲህ ያለ ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍ አያውቅ ይሆን ብዬ ስተክዝ አይተው አዘኑልኝ። ከመደርደሪያው አንድ ፋይል አወረዱና፣ ይህን አይተሽ ልክ እንዲህ አድርገው እንዲጽፉልሽ ንገሪያቸው ብለው አንድ ወረቀት ከፊቴ ዘረጉልኝ። «የእናንተ ቀበሌ እኮ ሸጋ መሸኛ ነው የሚጽፍ» ብለው አመሰገኑልኝ።

በእውነትም ሸጋ ነበር። የተጻፈው በታይፕ ነው። የቀበሌያችን ማኅተም በመሐሉ አለ። ጓድ ምትኩ በቀበሌያችን በኖረበት ዘመን በመልካም ጠባይ የሚታወቅ፣ ከማናቸውም ዓይነት ዕዳ ነፃ የሆነ ስለሆነ በሄደበት ሁሉ ትብብር እንዲደረግለት በአብዮታዊ ትሕትና እንጠይቃለን ይላል። ሥሩ ላይ የእርስዎ ፊርማ አለ። የተጻፈበት ቀን ጥቅምት 14 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው።

ቀኑን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሣጥኑ ባዶ የተገኘው በ12 ነው፤ እርስዎ ብርጭቆውን የሰበሩት በ13 ነው፤ ምትኩን ከዕዳ ነፃ አድርገው የሸኙት በ14 ነው። እኔን ሸንጎ ያቀረቡኝ ደግሞ በዚያው ወር መጨረሻ ነው። ወረቀቱን ከእነቁጥሩ ቃል በቃል ቀድቼ ይዣለሁ፤ ዋናው ማክሰኝት በፋይሉ ውስጥ በሰላም ይገኛል። አያ ቢሻው ፊቴ መለዋወጡን አይተው ውሃ አመጡልኝ።

አውቶቡስ ስጠብቅ በእህል ገበያው በኩል አለፍሁ። ሱዳን የገባው ምትኩ ጤፍ ያስለካል። ወፍሯል። ሲያየኝ ይደነግጣል ብዬ ነበር፤ አልደነገጠም፤ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝና ስለ ጤንነቴ ጠየቀኝ። ላስይዘው ባስብ በምን ወረቀት አስይዘዋለሁ? የእርሱ ወረቀት ከዕዳ ነፃ ነው ይላል፤ የእኔ ወረቀት ባለዕዳዋ እኔ ነኝ ይላል፤ ሁለቱንም የጻፈው አንድ ቢሮ ነው። ሲሰናበተኝ ጓድ ዓለምነውን እጅ ንሺልኝ፣ የላክሁት ማር ደረሰ ወይ በይልኝ ብሎኛል። የሰው መልእክት ይዞ መቅረት ስለማልወድ እነሆ አድርሻለሁ።

ለዚህ ሁሉ ቸርነትዎ ከማመስገን በቀር ምን እመልሳለሁ? ስለ እማሆይ ግን አንድ ቃል ልጨምር፤ ስለ እርሳቸው ስጽፍ ማሾፉ አይመጣልኝም።

እርስዎ ወደዚህ ቀበሌ የመጡት በቅርብ ስለሆነ ላያውቁ ይችላሉ፤ ያችን ቤት ያሠሩት እማሆይ ወለተሩፋኤል ናቸው። ሳይመነኩሱ በፊት ጠጅ ሸጠው ባጠራቀሙት ገንዘብ፣ ድንጋዩን ራሳቸው ቆመው እያስቆጠሩ አሠሯት። በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ተብላ ተወረሰች፤ እኔም የእርሳቸው ተከራይ መሆኔ ቀርቶ የቀበሌው ተከራይ ሆንሁ። አልከፋቸውም፤ ለእኔ ኪራዩ ስለቀነሰልኝ ደስ ብሏቸው ነበር። በኋላ የሚኖሩባት ቤታቸው በክረምት ዝናብ ስትወድቅ ወደ እኔ አመጣኋቸው፤ በራሳቸው ቤት የተከራያቸው ደባል ሆኑ። አንድ ቀን ስለ ቤቷ ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም። ጥጋቡን የተዉ፣ ቂሙንም የተዉ ሰው ናቸው። እርሳቸውን በዚህ ዝናብ ወደ የት ልውሰዳቸው? ይህን አንድ ነገር ብቻ ማንም ሰው እንዲመልስልኝ እለምናለሁ።

እንግዲህ የምጠይቀው አጭር ነው። ወይ የኪራይ ውሌን አድሰው እዚያችው ቤት ያኑሩን፤ ዕዳዬን እስከ ዛሬ እንዳደረግሁት በወር አሥር ብር እየከፈልሁ እጨርሳለሁ። ወይም ደግሞ ለምትኩ የጻፉለትን ዓይነት ወረቀት ለእኔም ይጻፉልኝ። እርሱ ሣጥኑን ባዶ አድርጎ ያገኘውን እኔ ሃያ ወር ሣጥኑን ስሞላ ኖሬ ባገኘው የሚገርመው ሰው አይኖርም። አጻጻፉን ከረሱት ግልባጩ እጄ ላይ አለ።

የዚህን ወር አሥር ብር ትናንት ከፍዬ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። የአሁኑ ገንዘብ ያዥ፣ ከቤት አስወጥተዋት ደግሞ ትከፍላለች እንዴ ብሎ ሳቀ። ይሳቅ።

በመጨረሻም፣ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ፣ ሥልጣንዎ እንዲጸና፣ ማሩም እንዲስማማዎ፣ የሚያስወጡት ሰው እንጂ የሚያስወጣዎት ሰው እንዳይገጥምዎ እየተመኘሁ፣ በእርስዎ ቸርነት የዕዳ ባለቤት፣ በእርስዎ ፍትሕ ቤት አልባ፣ በእርስዎ ጥበቃ ከቀበሌው ወጥታ እንዳትጠፋ የተደረገች፣ ከፍ ያለ አክብሮቷን ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር የምታቀርብልዎ፣

ይርገዱ ሐብተ ማርያም

ግልባጭ፦
ለአውራጃው የሠርቶ አደር ቁጥጥር ኮሚቴ፣ ከመሸኛው ቅጂ ጋር፤
ለፍርድ ሸንጎው፣ ከሃያ ደረሰኝ ቅጂ ጋር፤
ለሰፈራችን እድር፤
ለወይዘሮ ሸዋገነት፣ በማኅበርተኝነት።

ማሳሰቢያ፦ ቤቱን ባዶ አድርጌ እንዳስረክብ በታዘዝሁት መሠረት፣ ዛሬ ጧት ዘበኛው የቀበሌውን አዳራሽ እንደ ከፈተ፣ አራት የእድራችን ሰዎች እማሆይን ከእነአልጋቸው ተሸክመው ቢሮዎ ውስጥ፣ ከጠረጴዛዎ በስተቀኝ፣ ዝናብ በማያገኛቸው በኩል አስቀምጠዋቸዋል። በውሉ መሠረት ከቀበሌው ክልል አልወጣንም፤ በውሳኔውም መሠረት ቤት አልያዝንም። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ እኔ ስከለክል እርሳቸው ናቸው፣ «ያኔ ቤቴን ሲወስዱት ወረቀት ነው የላኩብኝ፣ ሰው አላየሁም፤ ውሰጂኝና አሁን ልየው» ያሉኝ። እኔ ከሥራ ከቀረሁ ደመወዜ ስለሚቆረጥና ዕዳዬን ስለሚያጓድልብኝ ወደ ሆስፒታል ሄጃለሁ። ጎረቤቴ እቴነሽ እስከ አምስት ሰዓት አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ከዚያ በኋላ እርስዎ ነዎት። አጥሚታቸውን በትንሽ በትንሹ ነው የሚጠጡት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ጎን ማዞር ያስፈልጋል። የቤቱ ቁልፍ ትራሳቸው ሥር ነው። ሲወስዱት እባክዎ በአንድ እጅዎ አንገታቸውን ደግፈው ቀና ያድርጓቸው።